ሌባቸውን የዳሩት ዐቃቤ ሕግ

የጋሽ እንድሪስን ሞት ደውሎ የነገረኝ፣ እሳቸው ራሳቸው ሦስት ጊዜ ከስሰው ያስፈረዱበት ሰው፣ አበባው ነው። «ጋሼ ያሬድ፣ ጋሽ እንድሪስ አረፉ። ቀብሩ ዛሬ ዙህር ሶላት ላይ ነው» አለኝ፤ የቀረውን ለቅሶው ዋጠው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አበባውም ይህን ወግ አያጣውም። ግን የሙስሊም ቀብር ቀጠሮ አይሰጥም፣ እኔም ለሥራ ከደሴ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር፣ ሌላ ምን ያድርግ።

እኔም ዐቃቤ ሕግ ነኝ። የምሞት ለት ያሳሰርኳቸው ሰዎች ተሰብስበው ቢራ ሲገባበዙ አንዳንዴ ይታየኛል። ጋሽ እንድሪስ ሲሞቱ ግን ያሳሰሯቸው ሰዎች ቃሬዛቸውን ለመሸከም ተጋፉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ነገሩን ከመጀመሪያው ካልነገርኳችሁ ግን አታምኑኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መሥሪያ ቤታችን ውስጥ «የደጋጋሚ ወንጀለኞች ልዩ የክስ ክፍል» የሚባል ነገር ተቋቋመ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ከተማ ውስጥ የሚሰርቁት ያው የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ይታሰራሉ፣ ይፈታሉ፣ ይሰርቃሉ። መዝገባቸው በየጊዜው ሌላ ዐቃቤ ሕግ እጅ ስለሚገባ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ዐቃቤ ሕግ አንድን ደጋጋሚ ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ፍርድ ድረስ ይከታተለው፣ በደንብ ይወቀው፣ ተመልሶ ከመጣም ያው ሰው ይክሰሰው ተባለ። ይህ መልካም ሐሳብ ደሴ ሲደርስ መጀመሪያ ታፔላ ሆነ። ታፔላው ከክፍሉ በር ይሰፋ ነበር። ክፍሉ ቀድሞ የተሰበረ ወንበር የሚከመርበት ቦታ ስለነበር ወንበሮቹን ኮሪደር ላይ አውጥተው እኛን አስገቡን። «እኛ» የምለው ጋሽ እንድሪስንና እኔን ነው።

ፒያሳ ካሉት ሆቴሎች ባንዱ ሥልጠና ተሰጠን። ምሳው ጥሩ ነበር። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፤ ግድግዳው ላይ ፎቶና ቀስት እያሳየ «ወንጀለኛውን እወቁት! ከሥሩ እወቁት!» ይለናል። ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን አወጡ።

«እናቱንስ?» አሉት።

«አስፈላጊ ከሆነ» አለ እየሳቀ። ቀልድ መስሎታል።

ከሥልጠናው እንደተመለስን አለቃችን የዓመቱን ዕቅድ አነበበልን። አንደኛው ግብ «የሚከሰሱ ደጋጋሚዎችን ቁጥር መጨመር» ይላል። ሁለተኛው «የደጋጋሚዎችን ቁጥር መቀነስ» ይላል። ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ወረቀቱን አቀረቡና «አለቃ፣ የትኛውን እናስቀድም?» ሲሉ ጠየቁ። «ጎን ለጎን» አለ አለቃችን ፊቱን ሳያነሳ።

ጋሽ እንድሪስ ረጅምና ቀጭን ነበሩ። የደሴን ብርድ የሚከላከሉበት አንድ አረንጓዴ ሹራብ ነበራቸው፤ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ያወልቁታል፣ ስንመለስ እዚያው ሐረጎ ላይ መልሰው ይለብሱታል። ኪሳቸው ከሽምብራ ቆሎ ተለይቶ አያውቅም። ተጠርጣሪ ሲቀርብላቸው ከጥያቄ በፊት አንድ እፍኝ መዳፉ ላይ ያደርጉለትና ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ዝናቡ ሳይቀር ይጠይቁታል። ወሎ ውስጥ ሰላምታ አጭር አይደለም፤ የሳቸው ግን ከወሎም የባሰ ነው። ፖሊሱ እጁን አጣምሮ ይቁነጠነጣል፣ ተጠርጣሪው ይቆረጥማል። «የሚቆረጥም ሰው ለመዋሸት አይመቸውም፤ አፉ ሥራ ላይ ነው» ይሉኛል።

ርኅሩኅ ነበሩ ብላችሁ ግን እንዳትሳሳቱ። ችሎት ላይ ሲቆሙ ያ ሁሉ ቆሎ ይረሳል። ማስረጃውን እየደረደሩ፣ ሕጉን እየጠቀሱ፣ ተገቢ ነው የሚሉትን ቅጣት ጠይቀው ይቀመጣሉ፤ አንድ ቀን አይቀንሱም። ሰውየው ተፈርዶበት በአጠገባቸው ሲያልፍ ትከሻውን መታ አድርገው «በል፣ ሶብር አድርግ፣ ቻለው። እጠይቅሃለሁ» ይሉታል። ይጠይቁታልም። ሌሎቻችን ፍርድ ካገኘን መዝገቡን መዝጋት ብቻ ነው፤ ጋሽ እንድሪስ ከዚያ በኋላ ወህኒ ቤት ይመላለሱ ነበር።

አበባውን ያወቅነው በዚህ መካከል ነው። የቦሩ ሜዳ ልጅ ነው፤ ፒያሳ ከቆሙ መኪኖች የጎን መስታወት፣ ማለትም ስፖኪዮ፣ እየፈታ ይሸጣል። ባለቤቱ ሻይ አዝዞ ስኳሩን አማስሎ ሳይጨርስ አበባው ጨርሶ ይሄዳል ይባልለታል። ከተማውም «አበባው ስፖኪዮ» ብሎ ስም አወጣለት። ጋሽ እንድሪስ መዝገቡን በተረከቡ ማግስት ሚኒባስ ተሳፍረው ቦሩ ሜዳ ሄዱ። የልጁን እናት አፈላልገው አገኙ፤ ስለ አስተዳደጉ ሲጠይቁ ውለው መጡ። ሲመለሱ ቅቅል ድንች የሞላ ፌስታል ይዘዋል፤ እናቲቱ ለታሰረው ልጇ አደራ የሰጠቻቸው ነው። አለቃችን በመስኮት አይቶ «ዐቃቤ ሕጋችን ስንቅ አቀባይ ሆነ» አለ። ድንቹ ለልጁ ደረሰ፤ ልጁም ተፈረደበት።

ከዚያ ተፈታ፣ ሰረቀ፣ ተያዘ። ደግሞ ተፈታ፣ ደግሞ ሰረቀ፣ ደግሞ ተያዘ። ሲያዝ አይክድም፤ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ይላል። አንድ ነገር ግን አይናገርም፤ ስፖኪዮውን ማን እንደሚገዛው። «ገዢውን ብትናገር ቅጣቱ ይቀልልሃል» ይሉታል ጋሽ እንድሪስ። አበባው ቆሎውን መቆርጠሙን ይቀጥላል። «ስፖኪዮ አይበላ! ገዢ ከሌለ ሌባ ምን ይሠራል?» እያሉ ሲብሰለሰሉ ይውሉ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ አባባል አወጡ፦ «ሰው አንዴ ቢሰርቅ ቸግሮት ይሆናል፤ ሁለቴ ቢሰርቅ ለምዶት ነው፤ ሦስቴ ከሰረቀ ግን እኛንም ይጠይቁን።» ይህን ስብሰባ ላይ ቢናገሩት አለቃችን ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳይጻፍ አዘዘ።

አበባው በሦስተኛው እስር ብየዳ ተማረ። ሲፈታ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቶ በርና መስኮት መሥራት ጀመረ። ጋሽ እንድሪስ በዚያ ባለፉ ቁጥር ጎራ ይላሉ፤ ብረቱን ይነካሉ፣ ደረሰኙን ያያሉ፣ ቆሎ ሰጥተው ይሄዳሉ። አንድ ጠዋት አበባው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቢሯችን መጣ። እኔ አራተኛ መዝገብ መስሎኝ እስክሪብቶ አነሳሁ።

«ኸይር ነው?» አሉት ጋሽ እንድሪስ።

«ኸይር ነው ጋሼ። ሽማግሌ ልልክዎ ነው የመጣሁ።»

«እኔን? ምነው፣ ሰው አጣህ?»

«አባቴ የለም። አጎት የለኝም። የሰፈሩ ሰው የሚያውቀኝ በስፖኪዮ ነው። እናቴ ቤት ድረስ ሄዶ ስለኔ የጠየቀ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?»

«እኔ የማውቅህ እኮ ክፉህን ነው ልጄ።»

«እሱንም ይንገሩልኝ» አለ አበባው። «ሌላ ሰው ከሚነግራቸው እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻለኛል።»

ጋሽ እንድሪስ ቆሎ አወጡ፤ ለሱም ለኔም ሳይሰጡ ብቻቸውን ቆረጠሙ። እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። ቆርጥመው ሲጨርሱ «ከሄድኩ አልዋሽልህም» አሉት። «ዋሹልኝ አላልኩም» አለ። ልጅቷ ብርቱካን ትባላለች። አባቷ አቶ ተስፋዬ ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። አበባው ልጅቷን አጥብቆ ወዷታል፤ አባቷ እምቢ ካሉ እሱን መልሶ ቀና የሚያደርገው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጋሽ እንድሪስም ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ነው ብቻቸውን የቆረጠሙት።

ሦስት ሆነን ሄድን፦ ጋሽ እንድሪስ፣ የአበባው የንስሐ አባት አባ ወልዴ፣ እና እኔ። ሙስሊም ዐቃቤ ሕግ ለክርስቲያን ሌባ ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ የሚገርመው ሌላ አገር ያለ ሰው ነው፤ እኛ ጋ የሚያስገርመው ዐቃቤ ሕግነቱ ብቻ ነበር። ሐረጎ ላይ ሹራቡ ወለቀ። አቶ ተስፋዬ ቤት ስንደርስ ተቀመጡ ተባልን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን እንደ ወጉ ቆምን። አባ ወልዴ ጀመሩ።

«ልጅዎን ብርቱካንን ለልጃችን ለአበባው እንዲሰጡን ልንለምን ነው የመጣን።»

አቶ ተስፋዬ የልጁን ስም ሲሰሙ ክፉኛ ደነገጡ። ድንጋጤው ከልመናው በላይ መሰለኝ። «ለመሆኑ ልጁን ታውቁታላችሁ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጨዋ ልጅ ነው» አሉ አባ ወልዴ። «ሥራ ወዳድ፣ ትሑት፣ እጁ ንጹሕ…»

ጋሽ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይችን እኔ ልመልሳት። አቶ ተስፋዬ፣ ልጁን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ሦስት ጊዜ ከስሼ ሦስት ጊዜ አስፈርጄበታለሁ።»

አባ ወልዴ መስቀላቸውን ጨበጡ። ጓዳ ውስጥ የሆነ ዕቃ ወደቀ። እኔ አለቀልን ብዬ በሩን እያየሁ ነበር፤ ጋሽ እንድሪስ ግን ገና መጀመራቸው ነው።

«የሰረቀው ስፖኪዮ ነው። ሌላ ነገር ነክቶ አያውቅም፣ ሰው መትቶ አያውቅም። ሲያዝ አይክድም። ዛሬ የሚያድረው በብየዳ ነው፤ ሱቁን አይቻለሁ፣ ብረቱን ከማን እንደሚገዛ አይቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ አላውቅም። ያን ሁሉ ስፖኪዮ ማን ይገዛው እንደነበር ሦስቱንም ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ቅጣቱ እንደሚቀልለት እያወቀ አልነገረኝም። ወላሂ፣ እንዲህ አፉን የሚጠብቅ ሰው አላየሁም። የቤታችሁን ገመና ያወጣል ብላችሁ አትስጉ።»

ስንሠራ በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ ጋሽ እንድሪስ ወላሂ ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አቶ ተስፋዬ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ፤ ወዲያው ደግሞ ጠረጉ። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይባላል» አሉ። «አንድ ቀን ቢናገርስ? ቢሰርቅስ ማለቴ ነው።»

«እንግዲያው እኔን እስክትቀብሩኝ ጠብቁ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «እስከዚያ ዋሱ እኔ ነኝ።»

«ሰጥቻለሁ» አሉ አቶ ተስፋዬ።

አባ ወልዴ ደነገጡ። ሽማግሌ ይመላለሳል፣ «ዘመድ ላማክር» ይባላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ይለመናል። በአንድ ቁጭታ፣ ያውም ገና ቆመን ሳለን፣ ልጁን የሰጠ አባት አይተው እንደማያውቁ እስከ ሚኒባሱ ድረስ ሲናገሩ ነበር። እሳቸው ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ቀሩ፤ እኔና ጋሽ እንድሪስ ወደ ደሴ ተሳፈርን። ሐረጎ ላይ ሹራባቸውን ሲለብሱ ጠብቄ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ የስፖኪዮው ገዢ እኚህ ሰውዬ…»

«ማስረጃ አለህ?»

«የለኝም። ግን ሲያልባቸው አይተዋል።»

«ማላብ ማስረጃ ከሆነ ኮምቦልቻን በሙሉ አስረን ልንኖር ነው» አሉ። ወደ ገደሉ ዞሩና «ልጁ ለምን አፉን እንደዘጋ ግን አሁን ገባኝ» አሉኝ። «ስፖኪዮ ሊሸጥ ሲመጣ ልጅቷን ያያት ነበር። አባቷን አሳልፎ ቢሰጥ እሷን ያጣታል። ሞኝ ነው ስንል ኖርን፤ እኛ ነን ሞኞቹ።» ቆሎ አወጡ። አሁን ለኔም ሰጡኝ።

ሠርጉ ተደገሰ። ለሙስሊሙ እንግዳ እንደ ወጉ በሬው ለብቻ በሙስሊም እጅ ታርዶ ቀረበ። ጋሽ እንድሪስ የጋብቻው ዋስ ሆነው በሕዝብ ፊት ቆሙ። ከዳስ ውጭ የቆሙ መኪኖች ስፖኪዮ አንድም አልጎደለም፤ ይህን የምለው ሁሉም እንግዳ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው እሱን ስለነበር ነው። ለተወሰነ ጊዜ ደህና ሰነበትን።

ከዚያ የአለቃችን መኪና ስፖኪዮ ጠፋ። ያውም ከመሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ ያውም ስለ ወንጀል መከላከል ስብሰባ ላይ ሳለን። አለቃችን መስታወቱ የነበረበትን ቦታ አየና ማንንም ሳይጠይቅ «አበባው!» አለ። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ አበባውን ከብየዳው ላይ አንስቶ ወሰደው። ብርቱካን የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች።

ጋሽ እንድሪስ ወዲያው አለቃችን ቢሮ ገቡ። እኔም ተከትዬ ገባሁ። «የልጁ ዋስ ነኝ፣ መዝገቡን መያዝ አልችልም። ለያሬድ ይሰጠው» አሉ። አለቃችን ስለ ዋስነቱ ያን ጊዜ ነው የሰማው።

«ተከሳሽዎን ዳሩ?» አለ።

«ዳርኩት።»

«እግዜር ያሳይዎ ጋሽ እንድሪስ! ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ሲባል አልሰሙም? ይሄ አራተኛው ነው። ልዩ ክፍሉ የተቋቋመው ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። በከባዱ እናስቀጣዋለን።»

«ማስረጃው ምንድን ነው?»

«ደጋጋሚነቱ ነው እንጂ!»

«እሱ የሚናገረው የድሮውን ነው» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ዛሬ ማን እንደወሰደ አይናገርም።» ወጡ።

መዝገቡ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። አየሁት፤ ምስክር የለም፣ የተገኘ ዕቃ የለም፣ ያየ ሰው የለም። አበባው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «እኔ አይደለሁም» ብሏል። መርማሪው ከሥር «ተጠርጣሪው አሁን መካድ ጀምሯል» ብሎ ጽፏል። ድሮ ሲያምን ሌባ ነበር፣ አሁን ሲክድ የባሰ ሌባ ሆነ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ጋሽ እንድሪስ ስለዚህ መዝገብ አንድ ቃል አልተነፈሱልኝም። ከኔ ጋር ሻይ መጠጣት ሳይቀር አቆሙ። ቆሎም ተቋረጠብኝ። «ምነው ጋሼ፣ ተቀየሙኝ?» ብላቸው «ዋስ ነኝ፣ አንተ ደግሞ ፈራጅ ቢጤ ነህ። ስትጨርስ እንጠጣለን» አሉኝ። መነጽራቸውን ግን ሲወለውሉ ይውሉ ነበር፤ ልጁ ዳግም ከገባ ሚስትም ብየዳም አይጠብቁትም።

በማግስቱ አቶ ተስፋዬ ከኮምቦልቻ እየበረሩ መጡ። ሊቆጡ የመጡ መስሎኝ ነበር፤ ዋስ ተይዞ ቃል ሲፈርስ የልጅ አባት ይቆጣል፣ መብቱ ነው። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ «ልጁ የተናገረው ነገር አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «ምን ይናገራል ብለው ሰጉ?»

አቶ ተስፋዬ ቀና አሉ። ዓይናቸው ታፔላው ላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ እኔ ላይ ዞረ። ጋሽ እንድሪስ ወንበር ሳቡላቸው፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ቆሎ አደረጉላቸው። ከጥያቄ በፊት ቆሎ የሚሰጡት ለማን እንደሆነ ስለማውቅ እኔ አንገቴን ደፋሁ። «አብሽሩ፣ አይስጉ» አሏቸው። «አልተናገረም። አይናገርምም። እርስዎ እሱን ይህን ያህል እንኳ አያውቁትም?» አቶ ተስፋዬ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው።

እኔ «አያስከስስም» ብዬ መዝገቡን ዘጋሁ። አለቃችን ወረቀቱን አየና ቀጥሎ የምዛወርበትን ወረዳ ስም ጠራልኝ፤ ሞቃት መሆኑንም ነገረኝ። ዝውውሩ ሳይጻፍ ግን አያ ደምሴ መጡ። አያ ደምሴ የግቢያችን ዘበኛ ናቸው፤ ለቅሶ ደርሰው ከገጠር መመለሳቸው ነው። ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና በሁለት እጃቸው ለአለቃችን አቀረቡ። ስፖኪዮው ነበር።

«ምነው ሸጋው፣ ምን ያስቆጣችኋል? እናንተው ናችሁ እኮ ‹ሠራተኛ ሁሉ ከደጋጋሚ ሌባ የመንግሥትን ንብረት ይጠብቅ› ብላችሁ በር ላይ የለጠፋችሁት። እኔ ለቅሶ ልሄድ ሆነ። ተተኪው ልጅ እንቅልፋም ነው። እንዳይወስዱብን ብዬ ፈትቼ አስቀመጥኩት።»

ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። አለቃችን አልሳቀም። በዚያው ሳምንት በወጣው ሪፖርት ላይ ግን «በልዩ ክፍሉ ያላሰለሰ ክትትል የተሰረቀ የመንግሥት ንብረት ተመልሷል» የሚል አነበብን። እኔና ጋሽ እንድሪስ ሻይ ጠጣን። ስለ ልጁ የጠየቁኝ ያን ጊዜ ነው፤ «ወጥቷል» አልኳቸው፤ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የሹራቡ እጅጌ እርጥብ ሆኖ አየሁት።

ልዩ ክፍሉ ብዙ አልቆየም። የፕሮጀክቱ ጊዜ አለቀ ተባለ፤ ደጋጋሚዎቹ ግን አላለቁም። ወንበሮቹን ከኮሪደር መልሰው አስገቡ። ታፔላውን ያወረደው በያጅ አበባው ነው፤ ሌላ በያጅ ዋጋ አስወደደባቸው። ጋሽ እንድሪስ ጡረታ ወጡ።

እንግዲህ የሞታቸው ቀን አቶ ተስፋዬ በመኪናቸው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ይዘውኝ ወጡ። ሐረጎ ላይ ድንገት ማውራት ጀመሩ።

«ከሠርጉ ወዲህ ኮምቦልቻ በወረዱ ቁጥር ሱቄ ይመጡ ነበር። በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ፣ ቆሎ ይሰጡኛል፣ መደርደሪያውን ያያሉ። ‹ንግድ ሸጋ ነው?› ይሉኛል። ‹ሸጋ ነው› እላለሁ። ይሄዳሉ። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ጡረታ ሲወጡ ይቀራሉ ብዬ ነበር፤ ባሱ። ከማን እንደመጣ የማላውቀውን ዕቃ መግዛት ከተውኩ ቆየሁ።» መሪውን አጥብቀው ያዙ። «አበባውን ከስሰው በወራት ጨረሱለት። እኔን ሳይከሱኝ ይኸው እስኪሞቱ አስቀጡኝ።»

መቃብሩ ጋ ስንደርስ ሰዉ ብዙ ነበር። ቃሬዛውን እየተቀባበሉ የሚሸከሙትን አየሁ፤ ግማሾቹን ችሎት ላይ አውቃቸዋለሁ። አለቃችን አጠገቤ መጣና «እነዚህ ሁሉ ዘመዶቹ ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ። «አይደሉም፣ ያስፈረዱባቸው ናቸው» አልኩት። ሳይነገረው እጁ ወደ መኪና ቁልፉ ሄደ። እኔ አለቀስኩ። እንደሳቸው ያለ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ካሁን በኋላ ማን ይቀመጣል ብዬ ነው ያለቀስኩት።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሰዉ መበተን ጀመረ። አበባው አካፋውን ተደግፎ ቆሟል። አቶ ተስፋዬ ቀረቡት፤ ዓይናቸው ግን መቃብሩ ላይ ነው።

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ብዬ ተናግሬያቸው ነበር» አሉ። «‹እንግዲያው እኔን እስክትቀብሩኝ ጠብቁ› አሉኝ። ይኸው ቀበርናቸው። በል ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዋስ አያሻህም። አምኜሃለሁ።»

አበባው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እግዜር ይስጥልኝ አባባ» አለ። «የእርስዎን ዋስነት ግን ጋሽ እንድሪስ ለኔ ነው የተዉት። ባለፈው ሳምንት ታመው ስጠይቃቸው ‹ያ የሱቁ በርጩማ ባዶውን እንዳይውል› አሉኝ።»

ከኪሱ አንድ እፍኝ ሽምብራ ቆሎ አውጥቶ የአማቱ መዳፍ ላይ አደረገ። አቶ ተስፋዬ ቆሎውን አዩት፤ እያለቀሱ ቆረጠሙ።